ከፔዳ መደርደሪያ እስከ አንጀኒ እርከን

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ የድኅረ ምረቃ መመረቂያ ጽሑፎች የተደረደሩበትን ክፍል ያየ ሰው ምዕራብ ጎጃም ተቆራርሶ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። የቆጋ መስኖ የውሃ አከፋፈል አንድ ረድፍ ላይ ነው። የዋሸራ በግ አረባብ ሌላ ረድፍ ላይ። የሠርግ ዘፈንና የለቅሶ ግጥም ከሁለቱም ርቆ ከሥነ ጽሑፍና ከፎክሎር ጋር ተቀምጧል። ባሕር ዛፍ፣ የበቆሎ ዘር፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትል፣ የአረቄ የአልኮል መጠን፣ የሽምግልና ሥርዓት፣ ሁሉም በየክፍለ ትምህርቱ ተለይቶ ቆሟል። ርዕሶቹን ብቻ እያነበብሁ ከሰዓት በኋላው አለቀ። እነዚህ ርዕሶች የሚኖሩበትን አገር ሳላይ አልመለስም ብዬ ወደ መራዊ መንገድ ወጣሁ።

ጉዞው ሰው እንደ ልቡ በዚህ መንገድ በሚመላለስበት በሰላሙ ጊዜ የተደረገ ነው። ከዚያ ወዲህ መራዊም ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ብዙ አዝነዋል። የማስታውሰውን የምጽፈው ይህን እያሰብሁ ነው።

አብሮኝ የተጓዘው የጂጋ ልጅ ነው፤ የውሃ ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ። ሚኒባሱ ከከተማው እየወጣ ሳለ ዩኒቨርሲቲው ከምን እንደተሠራ ያጫውተኝ ጀመር። ሥሩ ሁለት ነው። አንዱ በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ሁለተኛው ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ የገጠሩን ትምህርት የሚመሩ ባለሙያዎች እንዲያፈራ በእነ ዩኔስኮ እርዳታ የተቋቋመው የመምህራን አካዳሚ ነው። አንዱ ብረትና ጨርቅ ይዞ መጣ፣ አንዱ ጠመኔ። ተዋህደው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተመረቁ፤ የባሕር ዳር ሰው ግን እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ለየብቻ ይጠራቸዋል። ከዚያ ወዲህ ዘንዘልማ ላይ ግብርናው፣ ጥበበ ጊዮን ላይ ሕክምናው፣ ከፖሊ ጎን ጨርቃ ጨርቁና ፋሽኑ አደጉ፤ የባሕር ወደብ በሌላት ሀገር ለዓለም መርከቦች መኰንን የሚያሠለጥን ተቋም ሳይቀር ተጨመረ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ዋሸራ የተባለው የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ነው። የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በሀገራችን ላይ ያልፋል። ስለዚህ አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው የአየር ንጣፍ ከእኛ በላይ ልዩ ጠባይ አለው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ እየተናወጠ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ያውካል። ይህን የሚከታተሉ የፊዚክስ ሰዎች ለቤታቸው የቅኔ ሊቃውንት የፈለቁበትን የጎጃም ደብር ስም ሰጡት። እኔም መንገዱን ሙሉ ያ ስም ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም በየመንደሩ ጥግ የምናየው ቀይ፣ ጠጉረ አጭር፣ ላተ ወፍራም በግም ዋሸራ ነው የሚባለው። ሰማዩን የሚለካው፣ በጉን የሚያራባው፣ ቅኔውን የሚዘርፈው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ መደርደሪያው ላይ ግን አይተያዩም።

መራዊ ስንደርስ ጥር ነበር። ጥር በአባቴ አገር በመንዝ ገብሱ ታጭዶ፣ ተራራው ግራጫ ሆኖ፣ ነፋሱ ትቢያ የሚያነሣበት ወር ነው። እዚህ ግን ከከተማዋ ወጣ እንዳልን ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ አልፎ አልፎ አቮካዶ። የቆጋ ግድብ ያጠራቀመው ውሃ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ ታስቦ ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሥራ ጀመረ። ቦዩ ከዋናው ወደ ንዑሱ፣ ከንዑሱ ወደ ማሳው እየቀጠነ ይወርዳል።

በዚህ ግድብ ዙሪያ የተጻፈው ምርምር ብዛቱ ያስደንቃል። ውሃው እንዴት እንደሚከፋፈል ያጠና አለ። ደለሉን የለካ፣ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን ጠብ የመዘገበ፣ የወባን ነገር የጠየቀ አለ። በማሳ ዳር ያገኘነው ገበሬ ግን ከሁሉ የሚያስታውሰው በመሬቱ ውስጥ የተቀበረውን አንድ መሣሪያ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው፤ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ያለ ነገር ከሥሩ ጥልቀት ላይ ይቀበራል፣ ውሃው ወርዶ ሲደርስበት ከመሬት በላይ ያለችው ጠቋሚ ብቅ ትላለች። ብቅ ካለች በቃ ነው፤ ቦዩ ይዘጋል።

«ፊት እኮ ተራ ደረሰኝ ብለን እስኪንጣለል ነበር የምናጠጣ» አለን፣ ጓደኛዬን «አያ» እያለ። «ውሃ ሲበዛ እህሉ የሚጠግብ ይመስለን ነበር። ማዳበሪያውን ይዞት እንደሚሰጥም ማን ነገረን?»

ተመራማሪዎቹ በቆጋ ያዩትም ይህንኑ ነው፤ ጠቋሚዋን እያየ ያጠጣ ገበሬ ውሃ ቆጥቦ ምርቱን አላጣም። ልብ ያልሁት ሌላ ነገር ነው። ስለ መሣሪያዋ ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጠቋሚዋ ግን ቋንቋ አያስፈልጋትም። ጽሑፉ ወደ መደርደሪያ ሄደ፣ መሣሪያዋ ማሳው ውስጥ ቀረች፤ ገበሬው ያነበበው ማሳው ውስጥ የቀረውን ነው።

ጓደኛዬ የራሱን ጥናት የሚሠራው በአዴት መንገድ በደብረ ማዊ ተፋሰስ ስለሆነ የቦረቦር ነገር ካነሣ አያቆምም። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር በተከፈተው የተፋሰስ ትምህርት ያለፉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችና አብረዋቸው የሠሩት ፕሮፌሰር ታሞ ስቲንሃውስ ለረጅም ጊዜ የተያዘን ሐሳብ ለውጠዋል ይላል። ጎርፍ የሚነሣው ዝናቡ መሬቱ ሊውጠው ከሚችለው በላይ ሲዘንብ ነው ይባል ነበር። በዚህ አገር ግን ብዙው ጎርፍ የሚነሣው ውሃ ጠግቦ ከረሰረሰው የሸለቆ ግርጌና አፈሩ ከሳሳው ተዳፋት ነው። ቦረቦሩም ከታች ወደ ላይ ይበላል፤ ክረምቱ ሲገፋ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይልና ግድግዳውን ያላላዋል፣ ከዚያ ይናዳል። ታዲያ እርከን ሁሉ በተራራው ወገብ ላይ ሲሠራ ቦረቦሩ ከሥር መሬቱን ይጨርሰዋል። ይህን ሲነግረኝ የቆጋው ገበሬ ያዳምጥ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀና «ረግረጉ ነዋ!» አለ፣ ድሮም ያውቀው እንደነበረ ሁሉ።

መራዊ ከተማ ገብተን የበላነው የዳጉሳና የጤፍ ቅይጥ እንጀራ በሽሮ ነው። ከዚያ አንዲት እናት በጉርድ ጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡትን ግብጦ ገዛን። ግብጦ የሜጫና የአገው አገር ሰው ቁርስ፣ የመንገድ መክሰስ፣ የአረቄ ማውጫ ነው። አሲዳማና የደከመ መሬት ላይ፣ ያለ ብዙ እርሻ፣ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፤ ለመሬቱም ናይትሮጅን ይተውለታል። ፍሬው ግን መራራ ነው፣ መራራነቱም መርዝ አለው። ስለዚህ ሴቶቹ ይቆሉታል ወይም ይቀቅሉታል፤ ከዚያ በጆንያ አድርገው በወራጅ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ጭነውበት ለቀናት ያቆዩታል።

«ስንት ቀን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱማ ቀኑን ምን አውቄ፣ ልጄ። አንድ ፍሬ አነሣና እቀምሰዋለሁ፤ ሲለቅ ይታወቀኛል» አሉኝ።

የምግብ ሳይንስ ተመራማሪዎች የግብጦን አልካሎይድ በቤተ ሙከራ ለክተዋል፤ መቁላቱና ወራጁ ውሃ መርዙን ምን ያህል እንደሚያወጡም ጽፈዋል። የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ሰዎች ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ መራራ ያልሆነ ዝርያ አላምደው ለከብት መኖና ለምግብ እንዲሆን አስመዝግበዋል። ሁለቱም ጥሩ ሥራ ነው። የእኚህ እናት ምላስ ግን ማንም ሳይመዘግበው በትውልድ የተፈተነ መለኪያ ነው፤ በዚህ መለኪያ ስንት ሺህ ሰው ሳይመረዝ አደገ። የምርምርን ልዩነት ስንቆጥር በግቢው አጥር ውስጥ ያለውን ብቻ መቁጠር አይበቃም የሚለው ሐሳብ ያኔ ነው በውስጤ የተቀመጠው።

ከመራዊ ወጥተን የባሕር ዛፉ ነገር አብሮን ተጓዘ። በቆጋ ተፋሰስ የተካሄዱ ጥናቶች ባሕር ዛፉ በቆሎውን ከሥሩ አልፎ እስከ 20 ሜትር ገደማ ድረስ እንደሚጎዳው አሳይተዋል፤ የጠየቋቸው ገበሬዎችም ምንጭ እንደደረቀባቸው ተናግረዋል። ይህን እያወቁ ይተክላሉ። ምክንያቱን ለማወቅ የደን ትምህርት ክፍል ብቻውን አይበቃም፤ ባሕር ዛፍ ጉልበት አይጠይቅም፣ ከብት አይበላውም፣ የልጅ ሠርግ ሲመጣ ወይም ሰው ሲታመም ይሸጣል። መሬቱ አንሶ ወጣቱ ወደ ባሕር ዳር በሄደበት ቤት ዛፉ ጠባቂ የማይፈልግ ንብረት ነው።

ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን ተሻገርን። ይህ ውሃ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ምንጭ ነው የሚመጣው። እስፔናዊው ጄስዊት ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ምንጩ ዘንድ ቆመዋል። ብሩስ እኔ ነኝ የመጀመሪያው ብሎ ለክብሩ ተከራከረ። የሰከላ ሰው ግን ከሁለቱም በፊት በዚያው ምንጭ ይጠመቅ ነበር፤ ለድውዩም ጠበሉን ይወስድለት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወደዚህ አገር የመጣ አጥኚ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ይገናኛል፤ ያገኘኸውን ከአንተ በፊት ማን ያውቀው ነበር?

ዳንግላ አካባቢ፣ ዳንገሽታ ቀበሌ፣ ይህን ጥያቄ በክብር የመለሰ ሥራ አለ። ከእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ የሚለኩት ራሳቸው ገበሬዎቹ እንዲሆኑ አደረጉ። በየማለዳው አንድ ሰው ወጥቶ ያነባል፣ በደብተር ያሰፍራል። መረጃው ሲመረመር ከመደበኛው ምንጭ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ደስ ያለኝ ውጤቱ ብቻ አይደለም። ዝናብ ለካሁ የሚል ገበሬ ስለ ጉድጓዱ ከባለሙያ ጋር ሲነጋገር ቁጥሩ የራሱ ነው።

ከዳንግላ በኋላ አገሩ የአገው አገር ይሆናል። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ኮረብታው ሁሉ በዲከረንስ ተሸፍኗል። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ነው፤ የፋግታ ለኮማ ሰው ያደረገው ነገር ግን የራሱ ነው። ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላል። የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ያጭዳል፣ ቀጥሎ ከዛፉ ሥር ሣሩን አጭዶ በሬ ያደልባል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ እንደገና ጤፍ። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ገብስ አልሰጥም ሲል የተገኘ መላ ነው። ይህን ያዘዘ ፕሮጀክት አልነበረም።

ምርምሩ የመጣው ከኋላ ነው፣ ሲመጣም በብዛት መጣ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ወረዳ በጉደር አካባቢ ለዓመታት አፈሩንና ጎርፉን ለክተዋል። ሌሎች በሳተላይት ፎቶ ደኑ ምን ያህል እንደሰፋ አሳዩ፤ የቤተሰቡን ገቢ ያሰሉም፣ አፈሩ እንዴት እንደተሻለ የጻፉም አሉ። እኔ ደግሞ ይህን ኮረብታ ሳይ የማስበው የአዲስ አበባውን ቤታችንን ነው፤ እናቴ በበዓል ዋዜማ ከሰፈሩ ነጋዴ የምትገዛው ጆንያ ከሰል ከየት እንደሚመጣ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም ነበር። ከሰል ሲባል ደን ጨፈጨፉ እንል ነበር። እዚህ ግን ከሰሉ ደን አስተከለ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ በዛፉ ላይ ዝገት መሰል በሽታ ወርዶ ብዙ ማሳ እንዳደረቀ ሰምቻለሁ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የሞላበት አገር አንድ በሽታ ይበቃዋል። ያን ጊዜ የተክል በሽታ ባለሙያው፣ የምጣኔ ሀብት ሰውዬውና የአፈሩ ተመራማሪ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ነበረባቸው፤ ገበሬው ዛፉን ሲያጣ ጤፉንም፣ የሚያደልበውን በሬም፣ የልጁን የትምህርት ወጪም ነው በአንድ ጊዜ ያጣው።

እንጅባራን በፈረሰኞቹ ዝግጅት መካከል አለፍናት። ጥር 23 የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል የሚጠብቁ ፈረሶች በየመንገዱ በጥልፍ አጊጠው ሲለማመዱ አየን። ቲሊሊን አልፈን ወደ ቡሬ ስንወርድ አየሩ ሞቀ፣ አፈሩም እንደ ደም ቀላ።

ቡሬ የበቆሎና የበርበሬ አገር ናት። በ1985 ዓ.ም ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ድቃይ በቆሎ በብዛት የወለደው በእነዚህ ወረዳዎች ነው፤ በቡሬ፣ በወንበርማ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በሜጫ። የአዴት ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ድንቾች ደግሞ «ዘንገና» እና «ጓሳ» ተብለው የአገሩን ሐይቅና ሣር ስም ይዘው ይዞራሉ። አሁን የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የዘይት ፋብሪካው ተገንብተዋል። የበርበሬው ነገር ግን አሳሳቢ ነው፤ ማሳው በአንድ ሳምንት ጠውልጎ ይረግፋል፣ ገበሬውም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «መሬቱን አፈራርቅ» የሚል ነው። መሬቱ አንድ ብቻ የሆነ ሰው በምን ያፈራርቀው?

ማንኩሳን ሳልፍ መስኮቱን ከፈትሁት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ያደግን ሁሉ እዚህ ስንደርስ ባለታሪኩን በዛብህን በዓይናችን እንፈልገዋለን። ስለዚህ መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተጻፈው ጥናት ብቻውን አንድ መደርደሪያ ይሞላል።

ፍኖተ ሰላም የጓደኛዬ አክስት ቤት አደርን። በቡሬ በርበሬ የተሠራ የበግ ወጥ ቀረበልን፤ እርጎው ከጎን። በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው ዳር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በቅጥሩ ሥር የቅኔ ተማሪዎች በየዛፉ ጥላ ተበታትነው ለየብቻ ይቆጥራሉ፤ አንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኗል፣ አንዱ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና፣ ከፍ ያለው ዘአምላኪየ፣ የበሰለው ስምንት ቤቱን መወድስ። ከዚያ በየተራ የኔታ ፊት ቀርበው ይነግራሉ። የኔታ አንድ ቃል ላይ ያቆሙታል፣ ያርሙታል፣ አንዳንዴ ሙሉውን ይመልሱበታል።

ጓደኛዬ በቅርቡ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚከላከልበት «ድፌንስ» ነበረበት። ያየውን አይቶ ዝም አለ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ እኛ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የምንሠራውን እነሱ በየቀኑ ነው የሚሠሩት» አለኝ። እውነቱን ነው። የቅኔ ሕጉ ከባድ ነው፤ የትናንቱን መድገም አይቻልም፣ የሌላውን መውሰድ ነውር ነው። አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልም። በዩኒቨርሲቲ የምርምር መመሪያ ላይ «ለዕውቀት አዲስ ነገር የሚጨምር» እየተባለ የሚጻፈው መለኪያ በዚህ ጥላ ሥር ስንት መቶ ዓመት ሲሠራበት ኖሯል። ግን አብዛኛው ቅኔ አይጻፍም። በማኅሌት ተቀኝተውት ያልፋል። ሊቃውንቱ የረቀቁበትን ቅኔ ሁሉ ብንሰበስብ የምን ያህል ቤተ መጻሕፍት እንደሚሆን አስባለሁ፤ ይህን እያሳደዱ የሚቀርጹና የሚጽፉ የአማርኛና የፎክሎር ተማሪዎች ከሁሉ የበለጠ ክብር ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ስለ መራዊ አፈር፣ ስለ ቡሬ በርበሬ፣ ስለ ፍኖተ ሰላም ወላዶች የተጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የመራዊ ሰው ስለ ራሱ በቋንቋው ሊያነበው የሚችለው የአማርኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፉትን የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ፣ የደቦና የሽምግልና ጥናት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ይህ መሆን አልነበረበትም። እያንዳንዱ መመረቂያ ጽሑፍ ገበሬውና የግብርና ባለሙያው የሚረዱት አምስት ገጽ አማርኛ ቢኖረው፣ ያ ገጽም ወደ ቀበሌው ቢመለስ፣ የሚከብድ ወጪ አልነበረም። ጥያቄውን የሰጠ፣ መሬቱን ያስቆፈረ፣ ጊዜውን ሰውቶ መጠይቅ የሞላ ሰው መልሱን የመስማት መብት አለው።

ጂጋን አልፈን ወደ ደምበጫ ስንሄድ መንገድ ዳር አንድ ሰው እግራቸውን በሳፋ ሲያጥቡ አየን። እግራቸው አብጦ ቆዳው ሻክሯል፤ ዝሆኔ ነው። በዚህ አገር የሚበዛው ዝሆኔ ከትንኝ የሚመጣው አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ገብተው የሚያመጡት ነው። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች የተካሄደው ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከመቶው ሰው 3ቱን ያህል ይዞ ተገኘ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር የተጋለጠ እንደሆነ በዘረ መል አሳየ፤ አንዱ ወንድም ይታመማል፣ ሌላው እዚያው ማሳ ላይ እያረሰ ይድናል።

ይህ ዕውቀት ከመምጣቱ በፊት የታመመው ቤተሰብ የተረገመ ይባል ነበር። ጋብቻ ይከለከላል፣ ጽዋ ላይ አይቀመጥም። ሰውዬው «እኔ አግብቼ ነው የታመምሁት፤ ለልጄ ግን ሽማግሌ ልከን ሁለቴ ተመለስን» አሉን። አሁን በየቀኑ በሳሙና ያጥባሉ፣ በረኪና በብዙ ውሃ አቅጥነው ይዘፈዝፉታል፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ካልሲና ጫማ ያደርጋሉ። እብጠቱ ቀንሶላቸዋል። በቆሎውን የሚያሳድገው አፈር ነው እግራቸውን ያሳበጠው። በመደርደሪያው ላይ በቆሎው ዘንዘልማ፣ እግሩ ሕክምና ኮሌጅ፣ የልጁ ጋብቻ ደግሞ ሶሲዮሎጂ ክፍል ነው የሚሆነው።

መጨረሻችን አንጀኒ ነበረች፤ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ። አገሪቱ ውስጥ በአፈር ጥበቃ የታወቀ ትንሽ ተፋሰስ ቢኖር ይህ ነው። 113 ሄክታር ብቻ ነው፤ ግን ከ1976 ዓ.ም ጀምሮ ዝናቡ፣ የምንጨት ወንዝ ውሃና ደለሉ ሲለካበት ኖሯል። ምርምሩን የጀመሩት የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ የፕሮግራሙ መሪ ሐንስ ሁርኒ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋንያ ጁ የተባለው፣ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት የኬንያ እርከን ገባ። አፈሩ ከዓመት ዓመት ከእርከኑ ጀርባ እየተከማቸ ዳገቱ ደረጃ በደረጃ ሆነ።

በመንዝ ያሉትን የድንጋይ ካብ እርከኖች አባቶቻችን የሠሩት ማንም ሳይለካላቸው ነው፤ ብዙው ቦታ ግን አፈሩ ሄዶ ካቡ ብቻ ቀርቷል። እዚህ አፈሩ አለ። ጓደኛዬ በእጁ ዘግኖ ሲያሳየኝ እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለው። ስንት የዶክትሬት ጽሑፍ ከዚህች ኮረብታ እንደወጣ፣ ስንት የኮምፒውተር ሞዴል በዚህ ደለል እንደተፈተነ እየዘረዘረ ነገረኝ።

ከማሳው ባለቤት ጋር ተቀመጥን። አባ የእርከኑን ሥራ የሚያውቁት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ነው። ጠላ አስቀድተው ከጠጣን በኋላ ጓደኛዬን ጠየቁት፤

«ፈረንጁም መጣ፣ እናንተም መጣችሁ፤ አፈሩ ቀረልኝ፣ ተመስገን። ሦስት ወንድ ልጆች አሉኝ። ይህን መሬት ለሦስት ብከፍለው የማናቸውንም ቤት አያኖር። ይህን ያጠና ሰው አለ?»

«አባ፣ እሱ የእኛ ክፍል አይደለም። የእኛ ውሃና አፈር ነው። የመሬት ይዞታና የወጣቶች ጉዳይ ሌሎች ናቸው የሚያጠኑት።»

«እዚህ ቤት ክፍሉ አንድ ነው» አሉት ረጋ ብለው። «ውሃውም አፈሩም ልጆቹም እኔው ዘንድ ናቸው ያሉ።»

ጓደኛዬ ለጥቂት ጊዜ አልመለሰም። ከዚያ ደብተሩን አወጣና በአገሩ የመሬት መለኪያ «ስንት ቃዳ ነው የያዙት?» ብሎ ጠየቀ።

አባ ወደ ማሳው ዞሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ከታችኛው ጫፍ መቁጠር ጀመሩ፤ አቆሙና መልሰው እሱኑ ጠየቁት፤ «እርከኑ የበላውን ጨምሬ ልንገርህ ወይስ ቀንሼ?»